ማነው ያጠፋው?

ባለፈው አመት የእንጨት ስራ ክፍለ ጊዜ ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ በእድሜ አባቷን የሚበልጡ አናጺ እንጨት እየሰነጠቁ እያለ ማሽኑን አጠፋችባቸው። አላስፈቀደችም፣ አላስጠነቀቀችም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዩን ቁልፍ በመዳፏ መታችው፣ አለቀ። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፣ ማንም አልተጎዳም፣ ልጆቹም ወደ 12ኛ አልፈዋል። እኔን ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ማታ እቃ ስሰበስብ ይመጣብኛል፣ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ የመጀመሪያው ቀን ምን ልበላቸው ብዬ ሳስብ ይመጣብኛል። እስቲ ልጻፈውና አብረን እናስበው ብዬ ነው።

እንጀራዬ እንጨት ነው። ባህር ዳር ውስጥ በር፣ ቁምሳጥንና የኪችን ካቢኔት የምሰራባት አነስተኛ ወርክሾፕ አለችኝ፣ ከዛ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ አንድ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄድኩ ለ11ኛ ክፍል ልጆች አናጺነት አስተምራለሁ። የሙያና ቴክኒክ ትምህርት በአዲሱ ካሪኩለም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲመጣ ምን ምን እንደተባለ፣ እቃውና መምህሩ ከየት ይምጣ ተብሎ ስንት እንደተወራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እሱን አልደግምም። እኔ የገባሁት የሚያስተምር ሰው ጠፋ ብለው ሲለምኑኝ ነው፣ የቀረሁት ግን ልጆቹን ስለወደድኳቸው ነው።

አሮጌው ሾፕ

ሾፑ የጃንሆይ ጊዜ ስራ ነው። ያኔ ትልልቆቹ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንጨት ስራ፣ የብረታ ብረትና የባልትና ክፍል ነበራቸው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፣ የሰራው ሰው ለብርሃንና ለአየር በደንብ እንዳሰበበት ያስታውቃል። የስራ ጠረጴዛዎቹ ወፋፍራም ጣውላ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ እንጨት ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ ተገጥሞላቸዋል፣ ከሞርሳዎቹ ብዙዎቹ ዛሬም ዘይት ከተቀቡ ይሰራሉ። መሀል ላይ ግን ለስንት አመት የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ሆኖ ነው የኖረው፣ እኛ ስንገባ በሩን ለመክፈት እንኳን ገፍተን ነው።

ያንን ክምር አውጥተን አልጣልነውም፣ የመጀመሪያው ትምህርታችን አደረግነው። የዴስክ እግር የሚላቀቀው አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ስለተሰበረ አይደለም፣ ማጋጠሚያው ስለላላ ነው። ወንድና ሴት ሆኖ የተገጠመው ቦታ ላይ ኮላው ይደርቅና ይለቃል፣ ከዛ አንዱ መጥቶ ምስማር ይመታበታል፣ ምስማሩ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፣ በቃ ዴስኩ ወደ ክምሩ ይሄዳል። ልጆቹ ምስማሩን በጉጠት እየነቀሉ፣ የደረቀውን ኮላ በመሮ እየፋቁ፣ ክፍተቱን በስስ እንጨት እየሞሉ፣ በአዲስ ኮላ አጣብቀው በገመድ ጠፍንገው ያሳድሩታል፣ በማግስቱ ገመዱን ፈተው ሲቀመጡበትና ሳይነቃነቅ ሲቀር ፊታቸውን ማየት ነው። አንዱ ልጅ የጠገነውን ዴስክ የራሱ ክፍል ድረስ ተሸክሞ ወስዶ እሱ ላይ ነው አመቱን ሙሉ የተማረው።

መሮ ላይ ብዙ እቆያለሁ። የአደጋ መከላከል ትምህርት ብዙ ቦታ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፣ ልጆቹ አንብበው ይረሱታል። እኔን ሙያ ያስተማሩኝ ሰው በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ህብረት ርዳታ የተከፈተው የድሮው የባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የእንጨት ቴክኖሎጂ ምሩቅ ነበሩ፣ ወረቀት የሚባል ነገር አላሳዩኝም፣ መሮ መሳል ነው ያስተማሩኝ። የሳለ መሮ በትንሽ ግፊት ይሄዳል፣ የደነዘ መሮ ግን ትገፋዋለህ ትገፋዋለህ ከዛ ድንገት ያመልጥና ፊቱ ያገኘውን ይወጋል፣ ፊቱ ያለው ደግሞ እንጨቱን የያዘው ግራ እጅህ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ፣ እንጨቱን ሞርሳ ይያዘው፣ ሁለቱም እጅህ ከስለቱ ጀርባ ይሁን። ይህንን በደንብ የያዘ ልጅ ሙያውንም ይዞታል፣ ምክንያቱም እጁ ነጻ ስለሆነ ንጹህ አድርጎ ይቆርጣል።

አንድ ነገር ሳልረሳ ልበል፣ የተቆረጠ እጅ ላይ ቡና መነስነስ ይቅር። ልጆቹ ሁሉ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ልማድ ነው። ንጹህ ጨርቅ፣ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ እጅን ከፍ ማድረግ፣ ካላቆመ ሃኪም ቤት። ቡናው ሃኪሙ እንደገና የሚያጥበው ቆሻሻ ነው የሚሆነው።

ከእጅ ወደ ማሽን

ማሽን ላይ ስንደርስ ነገሩ ሌላ ነው። የኛ ክብ መጋዝ ምላጩ ዙሪያውን ሳይሆን ከጫፍ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በደቂቃ ወደ 3000 ጊዜ ይዞራል። ይህንን ብላክቦርድ ላይ እጽፍና ልጆቹ ራሳቸው እንዲያሰሉት አደርጋለሁ፣ ሲጨርሱ የጥርሱ ፍጥነት በሰአት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ከዛ ሁለተኛውን ጥያቄ እሰጣለሁ፣ ሰው ደንግጦ እጁን እስኪሰበስብ ሩብ ሰከንድ ቢፈጅበት ምላጩ ስንት ጊዜ ይዞራል? 12 ጊዜ ተኩል። ይሄ ሂሳብ ከኔ ምክር ሁሉ ይበልጣል። ‹‹ቲቸር እኔ እኮ እጄ ፈጣን ነው›› የሚል ልጅ ሁልጊዜም አለ፣ ቁጥሩን ራሱ ካወጣው በኋላ ግን ዝም ብሎ ብላክቦርዱን ነው የሚያየው።

እኛ ጋ ደግሞ ባህር ዛፍ አለ። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ልጆቹ ነገ የሚሰሩበት እንጨት እሱ ነው፣ ግን ውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፣ ስትሰነጥቀው አንዳንዴ ሁለቱ ጎን ወደ ውስጥ ይጠጋጋና ምላጩን ይይዘዋል። ምላጩ ሲያዝ እንጨቱን አንስቶ ወደ ሰውየው ይወረውረዋል። ከምላጩ ጀርባ የምትቆመው ያቺ ስስ ብረት ለዚህ ነው የተሰራችው፣ የተሰነጠቀው እንዳይገጥም በመሀል ትገባለች። ስንቱ ወርክሾፕ ‹‹ታስቸግራለች›› ብሎ ፈቶ ጥሏታል መሰላችሁ። እንጨት የሚገፋውም ሰው ከምላጩ ትክክል ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነው መቆም ያለበት፣ ቢወረወር በጎኑ እንዲያልፍ።

አንድ አባት ለልጁ አዲስ የቆዳ ጓንት ገዝቶ ላከለት። ከደሞዙ ላይ ቀንሶ ነው፣ ልቤን ነካኝ። ግን ደውዬ ‹‹ጋሼ፣ ጓንቱን እንጨት ሲሸከም ይጠቀምበታል፣ ማሽን ላይ ግን አይሆንም›› ማለት ነበረብኝ። ሰውየው ግራ ገባቸው። የሚዞር ነገር ላይ ባዶ እጅ ቢነካ የነካው ቦታ ይቆረጣል፣ ጓንት ቢነካ ግን ጨርቁን ይይዝና እጁን ሙሉ ይዞ ይገባል። ቀስ ብዬ ሳስረዳቸው ገባቸውና ‹‹እንዲህ ያለውን ማን ይነግረናል›› አሉኝ። ሰፊ እጅጌ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ ጸጉር፣ ቀለበት፣ የአንገት ሃብል፣ ሁሉም አንድ ናቸው።

ማተብ ላይ ግን ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ማተብህን አውልቅ ብዬ ለአንድ ልጅ አልልም፣ ልልም አልፈልግም፣ ቢያወልቅልኝም ደስ አይለኝም። ስለዚህ ህጋችን እንዲህ ሆነ፣ ማተብ በካናቴራው ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ቱታው እስከ አንገት ይቆለፋል። ሂጃብ የምትለብስም ጫፉን ቱታው ውስጥ ታስገባለች። ሾፑ በር ላይ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ አንዱ የአንዱን አንገት አይቶ ነው የሚያስገባው።

ያን ከሰአት

የማከብራቸው አንድ አንጋፋ አናጺ አሉ፣ ከተማው ውስጥ ያለ ስንት በርና ጣሪያ የእሳቸው እጅ ነው። ወፍራም ጣውላ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚሰነጠቅ ለልጆቹ እንዲያሳዩልኝ ለመንኳቸው፣ መጡልኝ። ከልጆቹ ጋር ወዲያው ተግባቡ፣ እንጨቱን አሽትተው ‹‹ይሄ ገና እርጥብ ነው›› ሲሉ ልጆቹ ሁሉ ተሽቀዳድመው ማሽተት ጀመሩ። ጣውላው ረጅም ስለነበር አንድ ጠንካራ ልጅ ከማሽኑ ማዶ ሆኖ የሚወጣውን ይስብ ተባለ፣ እኔ ደግሞ በዚህኛው ጫፍ ክብደቱን ደግፌ ያዝኩ። እንጨቱ ወፍራም በመሆኑ የምላጩ ሽፋን ከፍ ብሎ ነበር።

ስራው ሄደ። ድምጹን ታውቁታላችሁ፣ እንጨቱ ሲወፍር ይጎረብጣል፣ ሲሳሳ ይቀጥናል። ሰጋቱራው መስኮቱ ላይ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ይበተናል። ከጣውላው ከግማሽ በላይ ሄደናል፣ እና ድንገት ድምጹ ወረደ። መብራት ሄደ ብዬ አምፖሉን ቀና ብዬ ሳይ አምፖሉ በርቷል።

ሰውዬው ጣውላውን እንደያዙት ምላጩ ቆሞ እስኪያልቅ ጠበቁ፣ ልምድ ማለት ይሄ ነው፣ ወደኋላ አልጎተቱም፣ አልለቀቁም። ምላጩ ቆመ። ከዛ ‹‹ማነው ያጠፋው?›› አሉ።

ዝም። የክፍሉ ልጅ በሙሉ ወደ እኔ ነው የዞረው። ልብ ብላችሁ ተረዱልኝ፣ ወደ ቁልፉ አልዞሩም፣ ወደ እሳቸውም አልዞሩም፣ ወደ እኔ ነው። አስተማሪው ምን ይላል ነው ነገሩ። እኔም ምን እንደተፈጠረ አላወቅኩም። ያቺ ዝምታ አጭር ነበረች፣ ግን ውስጧ ብዙ ነገር ነበር። ትልቅ ሰው ተዋርዷል፣ እንግዳ ነው፣ ስራ ላይ ነው፣ ለምኜ ነው ያመጣሁት። በአስተዳደጋችን በዛች ሰአት የሚጠበቀው ይታወቃል፣ አስተማሪው ይቆጣል፣ ያጠፋው ልጅ ይወጣል፣ እንግዳው ይቅርታ ይጠየቃል፣ ከዛ በኋላ ነው ምን ሆነ የሚባለው። ቅደም ተከተሉ ነው የሚገርመኝ። ምክንያቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠየቀው፣ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይጠየቅም።

‹‹እኔ ነኝ›› አለች። ከክፍሉ ሁሉ ዝምተኛዋ ናት፣ ስም ሲጠራ ‹‹አቤት›› ስትል እንኳን ቀና ብለህ ካላየሃት አትሰማትም። እጇ አሁንም ቁልፉ ላይ ነው።

‹‹ምን ሆነሽ ነው አንቺ?››

አልመለሰችም፣ በጣቷ ብቻ አሳየች። ሁላችንም አየን። የሚስበው ልጅ እንደጎነበሰ ነው፣ ማተቡ ከቱታው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ጥቁር ክር ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለች፣ መስቀሏ ከምላጩ ጥርስ አጠገብ ወዲያ ወዲህ ትላለች። የላይኛው የቱታው ቁልፍ ሲስብ ተፈቷል። ልጁ ራሱ አላየውም፣ ሰውዬው እንጨቱን ነው የሚያዩት፣ እኔ ከዚህኛው ጫፍ ጣውላው ሸፍኖኛል። ግድግዳው ጋ የቆመችው እሷ ብቻ ናት በጎን የምታየው።

ሰውዬው እጃቸውን ከእንጨቱ አነሱ፣ ማሽኑን ዞረው ሄዱ፣ መስቀሏን ይዘው በልጁ አንገት ወደ ውስጥ ከተቱለት፣ ቁልፉን ቆለፉለት። ምንም አላሉም። ከዛ ወደ እኔ ዞረው ‹‹አብራው›› አሉኝ።

እኔ ግን ወዲያው አላበራሁም። ልጅቷን አየኋትና ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ‹‹ልክ ነሽ። እኔም ብሆን አጥፊብኝ›› አልኳት። ይህን ስል ሰውዬው ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ። ከዛ በራ፣ ጣውላው ተጠናቀቀ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ሰውዬው ያሉኝ

ከስራ በኋላ ቡና ልጋብዝዎት ብዬ ወጣን። አልተቆጡም፣ ግን የተናገሩት ነገር ዛሬም ከሚከነክኑኝ አንዱ ነው፣ ምክንያቱም ከፊሉ እውነት ነው።

‹‹ልጄ፣ እንጨት መሀል ላይ እያለ ማሽን አይጠፋም። ምላጩ እየደከመ ሲሄድ እንጨቱን ሊይዝ ይችላል፣ ሰራተኛውም ይደነግጣል። ለልጅ ማጥፊያ ከሰጠኸው አንድ ቀን ያለ ነገር ያጠፋና ሰው ይጎዳል።›› ይሄኛው የሙያ ንግግር ነው፣ አከብረዋለሁ። ሁለተኛው ግን ሌላ ነበር። ‹‹እኛ ስንማር ጌታችንን ቀና ብለን አናይም ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።›› ሲኒያቸውን ሲያነሱ ከግራ እጃቸው አመልካች ጣት የላይኛው አንጓ የለም። እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አላነሱትም።

የመጀመሪያውን ለብዙ ቀን አሰብኩበት። የደረስኩበት እንዲህ ነው፣ እኛ ሀገር ማሽን መሀል ላይ መጥፋቱን ማንም ሊከለክለው አይችልም፣ መብራት ያጠፋዋል። በሳምንት ውስጥ መብራት ያልሄደበት የስራ ቀን ያለው ወርክሾፕ ካለ ይንገረኝ። ስለዚህ ማንኛውም ክብ መጋዝ ላይ የሚቆም ሰው ምላጩ በድንገት ሲደክም ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት፣ እሳቸው ያደረጉትን ማለት ነው፣ እንጨቱን አጥብቆ መያዝ፣ ወደኋላ አለመጎተት፣ ምላጩ ጨርሶ እስኪቆም አለመንቀሳቀስ። ይሄ ለመብራት መሄድ ከተማርነው ለማጥፊያውም ይሆናል። እሳቸው ሳያስቡት እዛው ፊታችን ላይ አስተምረውታል።

መብራት መሄዱ ብቻ አይደለም፣ መምጣቱ የባሰ ነው። ብዙ ማሽን ላይ ያለው ተራ ማብሪያ ነው፣ መብራት ሲሄድ እንደበራ ይቀራል። ሰራተኛው ‹‹ቆሟል›› ብሎ የተወተፈውን ቁርጥራጭ ሊያወጣ እጁን ያስገባል፣ መብራት ይመጣል፣ ምላጩ ይነሳል። የኛ ማሽን ግን ኮንታክተር፣ ማለትም መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚለቅ ማብሪያ፣ ያለው አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ነው፣ መብራት ተመልሶ ቢመጣም አረንጓዴውን እንደገና ካልተጫንክ አይነሳም። ያንን ያስገጠምነው ከማንኛውም ሌላ እቃ በፊት ነው፣ ከትራፓኖም ከመላጊያም በፊት። ያቺ ልጅ የመታችው ቀይ ቁልፍም እሱ ነው። ቤታችሁ ወይም ስራ ቦታችሁ የመጋዝ ማሽን ካለ ማብሪያውን ዛሬ ሄዳችሁ እዩት።

ሁለተኛው ንግግር ግን የኮንታክተር አይደለም። ዝም በል ተብለን ነው ያደግነው፣ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም። ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም፣ ሲሰራ አይታረምም፣ ሲሳሳት በጆሮው ነው ኋላ የሚነገረው። በዚህ አስተዳደግ አላፍርም፣ ለሽማግሌ መነሳትን የመሰለ ነገር የለም፣ ልጆቼንም የማሳድገው እንደዛ ነው። ግን 3000 ጊዜ የሚዞር ነገር አጠገብ ‹‹ኋላ በጆሮው›› የሚባል ጊዜ የለም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሉ የለ፣ ያየ ሰው መናገር ያለበት ባየባት ሰከንድ ነው። ያቺ ልጅ ብትጮህ ማንም አይሰማትም ነበር፣ ሄዳ ትከሻ ብትነካ ደግሞ ማሽን ላይ ያለን ሰው መንካት ራሱ አደጋ ነው። የቀራት ቁልፉ ብቻ ነበር።

ሰውዬውን ሳስባቸውም አንድ ነገር ይመጣልኛል። አብራው ከማለታቸው በፊት መስቀሏን በእጃቸው ከትተው ቁልፉን ቆልፈውለታል። አፋቸው ያላለውን እጃቸው ብሎታል ብዬ ነው የማምነው።

ማቆም ሲለማመዱ

ከዛ በኋላ ክፍሉን ቀየርኩት። ማሽን ሲሰራ አንድ ተረኛ ቁልፉ ጋ ይቆማል፣ ሌላ ስራ የለውም፣ አይኑ ሰዎቹ ላይ ነው። ከዛ ልምምድ አለን፣ እኔ ስሰነጥቅ እያንዳንዱ ልጅ በተራው፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ እሱ በመረጠው ሰአት ያጠፋብኛል። እኔ እንጨቱን ይዤ ምላጩ እስኪቆም እጠብቅና ‹‹ምን አየህ?›› እላለሁ፣ እሱ ‹‹ልምምድ ነው ቲቸር›› ይላል፣ እንቀጥላለን። አላማው እጁ እንዲለምደው ነው።

እዚህ ላይ ያልጠበቅኩትን አየሁ። ቁልፉን ለመምታት የሚፈሩት ሰነፎቹ አይደሉም፣ በጣም ጨዋዎቹ ናቸው። ደብተራቸው ንጹህ የሆነ፣ ከክፍሉ ደረጃ የሚወጡ፣ አስተማሪ የሚወዳቸው ልጆች እጃቸው ቁልፉ ጋ ይደርስና ይቆማል፣ ‹‹ቲቸር ላጥፋው?›› ብለው ይጠይቁኛል። ፈቃድ ይጠይቃሉ! አንዷ አልቅሳለች። እኔን ማስቆም አልቻለችም፣ እጇ እምቢ አላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትሸሽ ቆይታ አንድ ቀን መጥታ መታችው፣ ከዛ የክፍሉ ልጅ እልል አለላት። እነዚህን ልጆች አስራ አንድ አመት ሙሉ ያስተማርናቸው ነገር ምን ያህል ውስጣቸው እንደገባ ያኔ ነው የገባኝ።

በተቃራኒው ሁልጊዜ የሚረብሽ የሚባል ልጅ አለ፣ ምርጡ ተረኛ እሱ ነው። አይኑ አያርፍም። አንዴ አንዱ ተማሪ እንጨት ወደ ምላጩ የምንገፋበትን ዱላ ትቶ በእጁ ሊገፋ ሲል ጣቱ ሳይጠጋ አጥፍቶበታል።

አቧራውን ተረኛ ማቆም አይችልም፣ ይሄ ያሳስበኛል። የእንጨት ብናኝ የአፍንጫ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 በማያሻማ ሁኔታ መድቦታል፣ እኛ ጋ ግን ሰጋቱራ የሙያው ሽታ ነው፣ ሰው ይወደዋል። ማስክ ይደረጋል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ወለሉ ውሃ ሳይረጭ አይጠረግም፣ ኤምዲኤፍ (የእንጨት ቃጫ በኮላ ተጨምቆ የሚሰራው ሰሌዳ) ደግሞ ውጪ ነው የሚቆረጠው። ልጆቹ ማስክ ኮቪድ ጊዜ ስለለመዱ በዚህ ብዙ አላስቸገሩኝም።

ክረምት ሲመጣ

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሾፑ አይደለም፣ ክረምቱ ነው። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ የከተማው ወርክሾፖች ውስጥ ገብተው ለመለማመድ ይፈልጋሉ፣ ጥሩ ነው፣ ትንሽም ገንዘብ ያገኛሉ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 አመት በታች መቅጠር ይከለክላል፣ ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰአት በላይ አይሰራም ይላል። ሌላም አለበት፣ ሰራተኛ አደጋ ሊያመጣ የሚችል ጉድለት ሲያይ ወዲያውኑ ለአሰሪው መናገር ግዴታው ነው። ይህንን አንቀጽ ለልጆቹ አነበብኩላቸው፣ አንዱ ‹‹ቲቸር፣ ግዴታ ነው ማለት መብት ብቻ አይደለም ማለት ነው?›› አለኝ። አዎ አልኩት። ትንሽ አሰበና ‹‹ግን ሰውዬው ቢያባርረኝስ?›› አለ።

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ጥሩ መልስ የለኝም። ከእኔ ጋር ያለ ልጅ ቀዩን ቁልፍ ቢመታ እኔ አለሁለት። ሌላ ሰው ወርክሾፕ ውስጥ ግን ብቻውን ነው፣ ታናሽ ነው፣ ነገ እንዲመለስ የሚፈቅደው ያ ሰው ነው። ልጁን ማስተማር ግማሹ ነው፣ ግማሹ ጌታው ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል እንደሚባለው ልጆቹንም እንዴት እንደሚናገሩት እያለማመድኳቸው ነው፣ ‹‹ጋሼ ይቅርታ፣ አንድ ነገር አይቼ ነው›› ብሎ መጀመር ይቻላል፣ ቁልፉን ከመቱ በኋላ ማለቴ ነው፣ ከመምታት በፊት አይደለም።

ስለዚህ ዘንድሮ ልጅ ከመላኬ በፊት ባለቤቶቹን ራሴ እያነጋገርኩ ነው። የአንዱ ማሽን ኮንታክተር እንደሌለው አይቼ ማብሪያውን እንዲቀይር ጠየቅኩት፣ ወጪው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቆኝ ነገርኩት፣ እሺ አስቀይራለሁ ብሏል። ሌላኛው ‹‹የሚያስተምረኝ ልጅ አልፈልግም›› አለኝ፣ እሱ ጋ አልልክም። ሶስተኛው አንጋፋው ሰውዬ ናቸው። ሁለት ልጅ እወስዳለሁ አሉኝ፣ ማንን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው ‹‹ያቺን ዝምተኛዋን ካልከለከልከኝ›› አሉ። ለእናቷ ነግሬያለሁ፣ እናቷ ሰፈሩ ሩቅ ነው ብላ እያሰበችበት ነው፣ የባጃጅ ሂሳቡን እኔና ሰውዬው እንድንካፈል ተነጋግረናል።